ስለ ጭነት መንገድ፤ እህላችን ሳይበላሽ አየራችንም ሳይጠቁር ገበያ ስለሚደርስበት ነገር



ስለ እርሻ በተጻፈ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዘር፤ ስለ ማዳበሪያ፤ ስለ በሬና ስለ ትራክተር ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ያልተዘራ አይታጨድምና። ዳሩ ግን እህሉ ታጭዶ፤ ተወቅቶ፤ ከአውድማ ከተነሣ በኋላ እስከ ገበያ የሚሄድበት መንገድ እንደ እርሻው ሁሉ ዕውቀትና ትጋት የሚጠይቅ መሆኑን የምናስብ ጥቂቶች ነን። ባላገሩ ስድስት ወር የደከመበትን ነገር በሁለት ቀን መንገድ እናጠፋዋለን። ይኸውም ጥፋት የገበሬው ብቻ አይደለም፤ ለናፍጣ የወጣው የውጭ ገንዘብም፤ በጢስ የተበከለው አየርም የሁላችን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ያየሁት ነገር ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ፤ ቲማቲም የጫነ መኪና ከመንገዱ ዳር ቆሞ አገኘሁ። ከጭነቱ ሥር ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሞተሩም ሳይጠፋ ጥቁር ጢስ ይተፋል። ሾፌሩን «ልጄ፤ ከወዴት መጣህ?» ብዬ ብጠይቀው፤ «ጌታዬ፤ ከመቂ ነው የመጣሁት፤ ትናንት ከቀትር በኋላ ጫንሁ፤ በአንዱ ኬላ ስቆም በሌላው ስቆም ሌሊቱ ነጋ፤ ቀን ደግሞ ወደ ከተማ መግባት አይቻልም ተብዬ ከዳር ስጠብቅ ዋልሁ። አሁን ከታች ያለው ሁሉ ፈርሷል፤ ነገም ባዶዬን እመለሳለሁ» አለኝ። ከመቂ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በደኅና ጊዜ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

በዚያ ሰዓት በአጠገባችን የከተማው ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ኃይል ያለ ጢስ ሰዎችን አሳፍሮ አለፈ። ይህ ባቡር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ሰዎቹን በውሃ ኃይል በሚመነጭ ኤሌክትሪክ እያጓጓዝን፤ የሚበሉትን ግን በውጭ አገር ናፍጣ፤ እርሱንም በማባከን እናመጣለን። በልደታ መንገድ ዳር የቆመው መኪና በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ሲያጠፋ አየሁ፤ የገበሬውን ላብ፤ የመንግሥትን የውጭ ገንዘብ፤ የከተማውንም ሕፃናት ሳንባ።

ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስለን የከተማችንን ታሪክ እናስታውስ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ አለቀ። እንጨቱ በሰውና በአህያ ጀርባ ከሩቅ፤ ከዚያም ከበለጠ ሩቅ መምጣት ግድ ሆነ። ስለዚህ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በዙሪያዋ መተከሉ ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ አንድ ከተማ የሚያስፈልገው ነገር የሚመጣበት መንገድ ምድሪቱ ከምትችለው በላይ ሲሆን፤ ከተማው ራሱ ለመነቀል ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የጐደለው እንጨት ነበረ፤ ዛሬ የሚጐድለው የውጭ ገንዘብና ንጹሕ አየር ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውም የሲራራ ነጋዴ መንገድ የታወቀ ነው። በቅሎና ግመል ጭኖ ከመካከለኛው አገር እስከ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጅ ነበር። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያ የብዙ ሳምንት ጉዞ ጥቂት ቀን ሆነ። 784 ኪሎ ሜትር የነበረው ያ ሐዲድ ዛሬ አብዛኛው አርጅቶ ተትቷል፤ ለገሐር ያለው ጣቢያ ግን ከልደታ ጥቂት ራቅ ብሎ ዛሬም ይታያል። ልደታም ራሷ ከዚህ ታሪክ አልራቀችም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ አውሮፕላኑ የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር።

በአሮጌው ሐዲድ ፈንታ የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለንግድ ሥራ ተከፍቷል። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ጭነት ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ስለ ሆነ፤ ይህ መሥመር ለአገራችን እንደ ጉሮሮ ነው። ሆኖም አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚመላለሰው በመኪና ነው።

በመኪናና በኤሌክትሪክ ባቡር መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ በአንድ ቀላል ስሌት እናሳይ። አንድ ከባድ መኪና ጭነት ይዞ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ ይበላል ብለን ብንቈጥር፤ ለ900 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 360 ሊትር ይፈጃል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከአየር ጋር ተዋሕዶ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል፤ ይህም የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩት አየሮች ዋነኛው ነው። እንግዲህ ያ መኪና በአንድ ጉዞ 10 ኩንታል የሚጠጋ የማይታይ ጭነት በሰማይ ላይ ያራግፋል ማለት ነው። ሲመለስ ባዶውን ቢሆንና በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ብቻ ይበላል ብንል እንኳ፤ አንድ ቍና እህል ሳይሸከም ሌላ 6 ኩንታል ይጨምራል።

ባቡሩ ግን የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንከባለል የሚያደናቅፈው ነገር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንድን ኩንታል አንድ ኪሎ ሜትር ለማድረስ የሚፈጀው ኃይል ከመኪናው በጣም ያነሰ ነው። ይልቁንም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 እጅ በላይ ከውሃ፤ ከነፋስና ከእንፋሎት የሚገኝ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ናፍጣው ግን አንዲት ጠብታ ሳትቀር ከውጭ የምትገዛ ናት። የራሱ ምንጭ እያለው ውሃ ከጎረቤት የሚገዛ ባለቤት ብልህ አይባልም።

መንግሥትም ይህን ቀድሞ አስቦበታል። በ2004 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ዕቅድ ከያዛቸው አራት ዐምዶች አንዱ፤ በመጓጓዣና በኢንዱስትሪ ኃይል የሚቈጥቡ አዳዲስ መሣሪያዎችን መያዝ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ዳሩ ግን ዕቅድ በአዲስ አበባ ቢጻፍም የሚፈጸመው በወረዳ ነው፤ ጭነቱ የሚነሣው ከእናንተ አገር ነውና።

«ባቡሩ ወደ እኛ ወረዳ አይደርስም፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐዲዱ የሚያልፈው በጥቂት አገር ነው፤ ኤሌክትሪኩ የተቋረጠ እንደ ሆነም ባቡሩ ይቆማል። መኪና ግን እስከ ገበሬው ደጅ ይሄዳል። ስለዚህ መኪና ይቅር የሚል ሰው የአገሩን ነገር አያውቅም። እኔ የምለው እያንዳንዱ በሚሻልበት ቦታ ይሥራ ነው። አህያና ጋሪ ከማሳ እስከ መንገድ፤ መኪና ከመንገድ እስከ ባቡር ጣቢያ ወይም እስከ ቅርብ ከተማ፤ ባቡር ደግሞ ረጅሙን መንገድ ይያዝ። በዓለም ከየትኛውም አገር ይልቅ ብዙ አህያ ያላት ኢትዮጵያ ናት፤ አህያም ናፍጣ አትጠይቅም። እርስዋን ንቆ ለአምስት ኩንታል ትልቅ መኪና ወደ ገጠር መላክ ሥልጣኔ ሳይሆን ብክነት ነው።

ደግሞም ከሁሉ የሚሻለው ጭነት ሳያስፈልግ የማይንቀሳቀሰው ጭነት ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ቀድሞ ቡና ለሐራጅ የሚቀርበው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ድሬዳዋ እየመጣ ነበር፤ መኪናውም ተራ እየጠበቀ ይቆም ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና መገበያያውን በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያደረገው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግን፤ ቡናውና ሰሊጡ በየአገሩ ባለው መጋዘን ተመዝኖ፤ ደረጃው ታውቆ፤ ደረሰኙ ብቻ እንዲሸጥ አደረገ። ወረቀቱ ሲሄድ ጭነቱ ገዢው እስኪታወቅ ባለበት ያርፋል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ለንግዱ መልካምነት ነው፤ ነገር ግን የጭነትንም መንከራተት እንደሚያስቀር ልብ ልንል ይገባናል። በየወረዳው ያለ ገበሬ ማኅበርም በአነስተኛው ይህን ማድረግ ይችላል። ገዢውና ዋጋው ሳይታወቅ እህል ጭኖ ገበያ ለገበያ መዞር፤ ከዚያም ሳይሸጡ መመለስ፤ በናፍጣ የሚከፈል ዕውቀት ማጣት ነው።

እንግዲህ ከወቀሳ ይልቅ ሥራ ይሻላልና፤ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች በዚህ በመጪው የመኸር ወራት ሊፈጽሙት የሚችሉትን በተራ ቍጥር እጽፋለሁ።

1ኛ፤ እህል በአንድ ስፍራ ይሰብሰብ። በየቀበሌው ደረቅ፤ ጣራው የማያፈስ፤ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ አንድ መጋዘን ይዘጋጅ፤ መኪና በሚገባበት መንገድ ዳርም ይሁን። ሃያ ገበሬ ሃያ ጊዜ ግማሽ ጭነት ከሚልክ፤ በአንድ ቀን ሙሉ ጭነት ይላክ። እህሉም ከመግባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ እህል ውሃ መሸከም ነው፤ ኋላም ይሻግታል።

2ኛ፤ ባዶ መኪና አይመለስ። አገራችን በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ከውጭ ታስገባለች፤ ይህም እስከ ወረዳ የሚደርሰው በመኪና ነው። ማዳበሪያው የሚመጣበት ወራት ባላገሩ የመኸሩን እህል ከሚሸጥበት ወራት ጋር ብዙ ጊዜ ይገናኛል። እንዲህ ሲሆን ማዳበሪያ ያራገፈው መኪና ባዶውን ሲወጣ፤ ሌላው መኪና ደግሞ እህል ሊጭን ባዶውን ይገባል። የወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ማዳበሪያው የሚደርስበትን ቀን አስቀድሞ ለገበሬ ማኅበሩ ቢያስታውቅ፤ አንዱ መኪና ሁለቱን ሥራ ይሠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና አንድ ስልክ ነው።

3ኛ፤ ኬላ ይታሰብበት። ለቀረጥና ለጸጥታ ተብሎ የቆመ ኬላ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ያየውን ወረቀት ሌላው ደግሞ፤ ሦስተኛውም ደግሞ ሲያገላብጥ የሚጠፋው ጊዜ ለማን ይጠቅማል? ከባድ መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ይበላል፤ በላዩ ያለው አትክልትም ይፈርሳል። የሚበላሽ ነገር የጫነ መኪና ቅድሚያ እንዲሰጠው፤ አንድ ጊዜ የተፈተሸም ጭነት በማኅተም እንዲያልፍ አጎራባች ወረዳዎች ተነጋግረው ይወስኑ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፤ ፊርማ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

4ኛ፤ የአጫጫን ዘዴ ይታረም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፤ በዓለም ከሚመረተው ምግብ ከመቶ 14 እጅ ያህሉ ከመኸር በኋላ ወደ ችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ ይጠፋል። የጠፋው ምግብ የታረሰበት መሬት፤ የጠጣው ውሃ፤ የተጓዘበትም ናፍጣ አብሮት ጠፍቷል። ቲማቲምና ሙዝ ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላ ጥልቅ ሣጥን አይከመር፤ ከላይ ያለው የታችኛውን ያደቅቃልና። ጠንካራና ዝቅ ያለ፤ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ሣጥን ይያዝ። ለቀማው በማለዳ፤ ጭነቱ ፀሐይ ከበረደ በኋላ፤ ማረፊያውም ጥላ ይሁን። የከተማው አስተዳደርም መኪናው የሚገባበትን ሰዓት ለገጠሩ አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ገጠሩም የሚጭንበትን ሰዓት በዚያ ይወስን። የአትክልት ተራ ገበያ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፤ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር መንገዱም ሰዓቱም ተለውጧል፤ የሚጭነው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህን የሚሰማው ከደረሰ በኋላ ነው።

5ኛ፤ ሐዲዱ የሚያልፍባችሁ አስተዳዳሪዎች ሐዲዱን እንደ ራሳችሁ አጥር ጠብቁት። ከአዳማ እስከ ድሬዳዋና እስከ ደወሌ ባለው አገር ባቡር የሚመታው ከብትና ግመል ለአርብቶ አደሩም ለባቡሩም ጉዳት ነው። ከብቱ የሚሻገርበትን በር ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ መወሰን፤ ሽቦና ብሎን የሚሰርቀውንም ለሕግ ማቅረብ የእናንተ ሥራ ነው። አርብቶ አደሩ ግን ጥፋተኛ ተብሎ ብቻ አይታይ፤ የግጦሹንና የውሃውን መንገድ ሐዲዱ ቈርጦበታልና ማለፊያ ይገባዋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ ለሚሄደው፤ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ለተጀመረው መሥመርም ይኸው ጥበቃ ያሻዋል። የወሎ ጤፍና ማሽላ አንድ ቀን በዚያ ሐዲድ ይጓዛልና፤ በጣቢያዎቹ አጠገብ የመጋዘን ስፍራ ከአሁን ጀምሮ ቢከለል ኋላ ቤት ከማፍረስ ያድናል።

6ኛ፤ የገጠር መንገድ ከክረምት በፊት ይጠገን። የተቦረቦረ መንገድ መኪናውን ያዘገያል፤ ናፍጣውን ያበዛል፤ ጭነቱንም ይሰብራል። ቦይ ማውጣትና ጐርፍ መመለስ የባላገሩ ጉልበትና የወረዳው አስተባባሪነት የሚችለው ሥራ ነው። ዳሩ ግን ሥራው ገበሬው በማያርስበት ወራት ይሁን፤ መንገድ ለመጥረግ ብሎ እርሻን ማስተጓጐል ዓይን ለማከም ጆሮን መቊረጥ ነው።

የመኪና ባለቤቶች ይህን ሲያነቡ እንጀራችን ሊወሰድ ነው ብለው እንዳይሠጉ አንድ ቃል ልጨምር። መኪና ረጅሙን መንገድ ባዶውን ሲመለስ የሚያልቀው ጎማ፤ የሚቃጠለውም ናፍጣ የባለቤቱ ነው። ከማሳው እስከ ጣቢያው ያለው አጭር መንገድ ግን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሙሉ ጭነት ሊያስመልስ ይችላል፤ ሾፌሩም ማታ ከልጆቹ ጋር ያድራል። ትርፉ በኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን በተሸከመው ኩንታል ይቈጠር። ሆኖም ይህ ለውጥ በአንድ ጀምበር በትእዛዝ የሚሆን አይደለም። አስተዳደሩ የመኪና ማኅበራቱን ጠርቶ፤ የጣቢያውን ሥራና ታሪፉን አስቀድሞ ተነጋግሮ፤ ጉዳት የሚደርስበትን ለይቶ መሆን አለበት። ሳያማክሩት የሚደረግ መልካም ነገር በተቀባዩ ዘንድ ክፉ ይመስላልና።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ይሥራው ቢባል ያጐብጠዋል። እያንዳንዱ ወረዳ አንዱን መጋዘን፤ አንዱን ኬላ፤ አንዱን መዝገብ ቢይዝ ግን ለማንም ሸክም አይሆንም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሹም ከሁሉ አስቀድሞ በወረዳው አንድ ነገር እንዲቈጥር እለምናለሁ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት መኪና ጭኖ ወጣ? ስንቱስ ባዶውን ገባ? በየኬላው ስንት ሰዓት ቆመ? ቍጥሩ ከታወቀ መድኃኒቱ ከቍጥሩ ውስጥ ይገኛል።

በልደታ መንገድ ዳር ቆሞ ያገኘሁት ልጅ የዚያን ሌሊት ጭነቱን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ባዶውን ወደ መቂ ተመልሷል። ቲማቲሙን ያመረተው ገበሬ ይህን ሲሰማ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይዘራ ይሆን? መልሱ ያለው በእርሱ እጅ ብቻ ሳይሆን፤ በመንገዱ ላይ ሥልጣን ባለን በእኛም እጅ ነው።